የዓድዋን ተራሮች በክፍል ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንሥራ?

ጥያቄ፦ «የታሪክ መምህር ነኝ። ለመጪው የካቲት 23 ከተማሪዎቼ ጋር የዓድዋን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ፣ ትንንሽ ወታደሮች እያንቀሳቀስን ልንጫወተው አስበናል። ያለን ጠረጴዛ 180 በ120 ሴንቲሜትር ነው። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ለመግዛት አቅሙ የለንም። ተራሮቹን በምን እንሥራ? ቁመታቸውስ ምን ያህል ይሁን? ሜዳው ለሚቀጥለው ዓመትም እንዲቆይልን ምን እናድርግ?»

መልስ፦ መምህር፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይ ደስ ይለኛል። ሥራዬ ለአርክቴክቶች የሕንፃ ሞዴል መሥራት ነው። ከዚያ የሚተርፈኝን ጊዜ ደግሞ ለጠረጴዛ የጦር ጨዋታ የሚሆኑ ተራሮች፣ ሸለቆዎችና መንደሮች እሠራበታለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልዎት።

በአጭሩ እንዲህ ነው። ተራሮቹን በካርቶን ንብርብር ይሥሯቸው፤ ላያቸውን በወረቀትና በጀሶ ያልብሷቸው። ትልቁ ተራራ ከ15 ሴንቲሜትር አይብለጥ። ሜዳው አቡጀዲ ይሁን። ተራሮቹ ጨርቁ ላይ አይጣበቁ፤ የሚቀመጡና የሚነሱ ይሁኑ። የቀረው ዝርዝር ነው። ብዙ ሰው ግን የሚቸገረው እዚያ ዝርዝሩ ላይ ነው።

ወደ ካርቶንና ኮላ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይያዙልኝ። የጨዋታ ሜዳ ላይ ያለ ተራራ ሥራ አለው። መንገድ ይዘጋል፣ ዓይን ይከልላል፣ ጦር ያዘገያል። የካቲት 23 ቀን 1888 የሆነውን ያስታውሱ። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ 17,700 ገደማ ወታደርና 56 መድፍ ይዞ፣ ጦሩን በአራት ብርጌድ ከፍሎ ሌሊት ተነሳ። ሐሳቡ ብርጌዶቹ ተቀራርበው ከፍታዎቹን እንዲይዙ ነበር። ሲነጋ ከአራቱ የብርጌድ አዛዦች አንዱ፣ አልበርቶኔ፣ በግራ በኩል ብዙ ርቆ እንዳ ኪዳነ ምሕረት ደርሷል። አሪሞንዲ መሀል ላይ፣ ራዮ ተራራ አካባቢ ነው። ዳቦርሚዳ በቀኝ በኩል ቆይቶ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ገባ። ኤሌና ተጠባባቂውን ይዞ ከኋላ ነበር። በመካከላቸው ተራራ አለ። አንዱ ሲመታ ሌላው አያየውም፤ ቢሰማም ቶሎ አይደርስለትም። የምኒልክ ሠራዊት ተራ በተራ ገጠማቸው። አልበርቶኔ ተማረከ፣ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ወደቁ። ተማሪዎችዎ ይህንን መለያየት ጠረጴዛው ላይ በዓይናቸው ካዩት ሜዳዎ ሥራውን ሠርቷል። ስለዚህ ከየተራራው ጫፍ ይልቅ ለየሸለቆው ስፋትና ለየመተላለፊያው ጥበት ይጨነቁ።

አሁን ወደ ልኬት። በዚህ ጨዋታ ሁለት ልኬት አለ፤ የወታደሩና የመሬቱ። 28 ሚሊ ሜትር የሚባሉት ወታደሮች 1 ለ56 ገደማ ናቸው። በከረጢት የሚሸጡት ብዙዎቹ የፕላስቲክ ወታደሮች 1 ለ72 ናቸው። በጣም ትንሾቹ፣ 6 ሚሊ ሜትር የሚባሉት፣ 1 ለ300 ገደማ ይሆናሉ። መሬቱንም በእነዚህ በትንሾቹ ልኬት እንሥራ ብንል 9 ኪሎ ሜትር ሜዳ 30 ሜትር ጠረጴዛ ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለቱን መለየት የግድ ነው። ለእርስዎ የምመክረው የመሬት ልኬት 1 ሴንቲሜትር ለ50 ሜትር ነው። 180 ሴንቲሜትሩ 9 ኪሎ ሜትር፣ 120ው ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዋናዎቹን ቦታዎች ትንሽ ጠጋ ጠጋ አድርገው ያስገቧቸዋል። ውጊያው ከዓድዋ ከተማ በስተምሥራቅ ስለሆነ ከተማዋ ከምዕራቡ ጠርዝ ውጭ ብትቀር ምንም አይደለም።

ወታደሮቹን ከወረቀት ይሥሯቸው። 3 በ3 ሴንቲሜትር ካርቶን ላይ 2 ሴንቲሜትር ቁመት ያላቸው የተሳሉ ወታደሮች ያቁሙ። አንዱን ካርቶን እንደ 1,000 ሰው ቢቆጥሩት የጣሊያን ወገን 18 ገደማ ይሆናል። የኢትዮጵያ ሠራዊት ብዙ ጊዜ እንደሚገመተው 100,000 ከሆነ ደግሞ 100 ይሆናል። ሁሉም በአንዴ አይገባም፤ በየመኳንንቱ እየተከፈለ ከምዕራብ ይመጣል።

ቁመቱን እንይ። በዚህ ልኬት ከግርጌው 500 ሜትር ከፍ የሚል ተራራ 10 ሴንቲሜትር ነው። የሕንፃ ሞዴል ስንሠራ መሬቱ ጠፍጣፋ እንዳይመስል አንዳንዴ ከፍታውን እናጋንናለን። የዓድዋ ተራሮች ግን በራሳቸው ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ማጋነን አይፈልጉም። ደግሞም ከ15 ሴንቲሜትር ሲያልፉ ሌላ ጣጣ ይመጣል። 120 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ጠረጴዛ መሀሉ ከየትኛውም ጎን 60 ሴንቲሜትር ይርቃል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ከተራራው ማዶ ያለውን ወታደር ሊያነሳ ሲል ክንዱ ጫፉን ይገጨዋል፤ ተራራውም ወታደሩም አብረው ይሄዳሉ። ከ500 ሜትር በጣም የሚያልፉትን፣ ለምሳሌ ሰማያታን፣ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ያስጠጓቸውና ቁመታቸውን ይገድቡ። ማንም ሜትር ይዞ አይለካዎትም። ከሌሎቹ ከፍ ማለታቸው ከታየ በቂ ነው።

የካርቶን ዘዴን ከሁሉ የምመርጠው በዋጋው ብቻ አይደለም። ሒሳቡም ይገጥማል። ኮንቱር መስመሮቹ (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት) በየ20 ሜትሩ ከፍታ የተሳሉበት 1 ለ50,000 ካርታ ይፈልጉ። በዚያ ካርታ 1 ኪሎ ሜትር 2 ሴንቲሜትር ነው፤ በእኛ ጠረጴዛ ደግሞ 20 ሴንቲሜትር። ካርታውን 10 እጥፍ ማሳደግ ነው እንግዲህ። የተለመደው የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ውፍረቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ነው። 4 ሚሊ ሜትር በእኛ ልኬት ስንት ነው? 20 ሜትር። አንድ ኮንቱር፣ አንድ ካርቶን። 10 ሴንቲሜትር ተራራ 25 ንብርብር ይወጣዋል። የካርቶኑን ውፍረት ግን በግምት አይውሰዱት። 10 ቁራጭ ደርበው ለክተው ለ10 ያካፍሉት።

ለማሳደግ ፕሮጀክተር ካለ ጥሩ፤ ከሌለም አያሳስብም። ካርታው ላይ በየ1 ኪሎ ሜትሩ ካሬ ይሥሩ። እነዚያን ካሬዎች በትልቅ ወረቀት ላይ 20 በ20 ሴንቲሜትር አድርገው ያሰምሩ። 9 በ6 ስለሆነ 54 ካሬ ይመጣል። ለአንድ ተማሪ አንድ ካሬ ይስጡና በካሬው ውስጥ ያለውን ኮንቱር አጉልቶ ይሳል። ሲገጣጠም የአንዱ መስመር ከጎረቤቱ ጋር ካልገጠመ ሁለቱ ተቀምጠው ይነጋገሩበት። ካርታ ማንበብ እንዲህ ነው የሚገባው፤ እኔ ከዚህ የተሻለ የጂኦግራፊ ትምህርት አላውቅም።

ንብርብሮቹን ሲቆርጡ ሙሉ ገጽ አያባክኑ። ከላይ የሚመጣው ንብርብር የሚያርፍበት 2 ሴንቲሜትር ያህል ጠርዝ ትተው መሀሉን ይፈልፍሉት። የወጣው ቁራጭ ለሌላ ንብርብር ይሆናል። ተራራውም ውስጡ ክፍት ስለሚሆን ቀላል ነው። የካተሩን ምላጭ ቶሎ ቶሎ ይሰብሩ። የደነዘዘ ምላጭ ካርቶን አይቆርጥም፣ ይቀዳል፤ ልጁ ሲጫነው ያመልጥና እጁ ላይ ያርፋል። ሁልጊዜ ከሰውነት ወደ ውጭ፣ ከሥሩ ሌላ ካርቶን ተነጥፎ። ለትንንሾቹ ልጆች መቀስ ይበቃቸዋል።

ለማጣበቅ ነጭ የእንጨት ኮላ ይጠቀሙ። በሦስት በአራት ንብርብር እያጣበቁ መጽሐፍ ጭነውበት ይደር። ካርቶን የሚጎብጠው ውሃ ያለው ነገር በአንድ ጎኑ ብቻ ሲቀባ ነው። የረጠበው ጎን ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ደረቁን ጎን ይጎትተዋል። ስለዚህ የታችኛውን ንብርብር ከሁለቱም ጎን ኮላ ቀብተው ያድርቁት። ከቻሉ የተራራው መሠረት ኮምፔርሳቶ ይሁን። የመሠረቱን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት እስኪሳሳ ያሹት፤ አለበለዚያ ተራራው ከመሬት የወጣ ሳይሆን ሳህን ላይ የቀረበ ይመስላል።

ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ማሸጊያ የሚወጣው ነጭ ፎምስ? ይሠራል። ቶሎ ይሞላል፣ ክብደት የለውም። ነገር ግን ሲቆረጥ ፍሬ ፍሬው ይበተናል፤ ክፍሉን ጠርገው አይጨርሱትም። ማስቲሽና የቆርቆሮ ስፕሬይ ቀለምም ይበሉታል፤ ውስጣቸው ያለው ማሟሟያ ፎሙን ያቀልጠዋል። በጋለ ሽቦ መቁረጥ ንጹሕ ነው፣ ጭሱ ግን ለጤና ጥሩ አይደለም፤ በተዘጋ ክፍል ከልጆች ጋር አላደርገውም። ፎም ካለዎት ለተራራው ሆድ መሙያ ያድርጉትና ላዩን በወረቀት ይሸፍኑት።

ንብርብሩ ከደረቀ በኋላ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ ነው ውሳኔ ያለው። ደረጃውን ሙሉ በሙሉ ካለሰለሱት ተራራው ያምራል፤ ወታደሮቹ ግን እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። ደረጃውን እንዳለ ከተዉት ወታደር ይቆማል፤ ተራራው ግን ተራራ አይመስልም። መፍትሔው ሁለቱን መቀላቀል ነው። ወታደር የሚወጣበትን ጎን አግድም 3 ሴንቲሜትር ሲሄድ ሽቅብ 1 ሴንቲሜትር ብቻ የሚወጣ ያድርጉት፤ በየመሀሉ 3 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ መደብ ይተዉ። ሌላውን ጎን ገደል ያድርጉት፤ ማንም አይወጣበትም። ተጫዋቹም በየት በኩል መውጣት እንደሚቻል ሕግ ሳይነገረው በዓይኑ ያውቃል። መደቦቹን እርከን አድርጎ መሥራት ያምርዎት ይሆናል። ዛሬ በትግራይ ተራሮች ላይ የምናየው እርከን ግን አብዛኛው የኋላ ዘመን ሥራ ነው። ስለዚህ የተፈጥሮ ድንጋይ አስመስለው ቢሠሯቸው ይሻላል።

ለማልበስ ጋዜጣ ይቅደዱ እንጂ አይቁረጡ፤ የተቀደደ ጠርዝ ሲለጠፍ አይታይም። አንድ እጅ ኮላ በአንድ እጅ ውሃ አቅጥነው፣ ቁራጩን ነክረው ከደረጃው ወደ ደረጃው ይለጥፉ። ሁለት ዙር ይበቃል። ሲደርቅ ጀሶ ይከተላል። ጀሶ ወደ ውሃ ነው የሚጨመረው፤ ውሃ ወደ ጀሶ ከጨመሩ ይጓጉላል። ለአንድ ስኒ ውሃ ሁለት ስኒ ገደማ ጀሶ ነስንሰው፣ ጠጥቶ እስኪሰምጥ ትንሽ ጠብቀው ያማስሉት። እንደ እርጎ ሲሆን ልክ ነው። በትንሽ በትንሹ ያዘጋጁ፤ ከሩብ ሰዓት በፊት መጠጠር ይጀምራል። ሞቅ ያለ ውሃ ከሆነማ ጭራሽ ይፈጥናል። የተረፈውን ልጆቹ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እንዳይደፉት፤ ቧንቧው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ዱቄቱን ሲነሰንሱ አፍና አፍንጫ ይሸፈን።

አሁን እኔ በጣም የምወደው ክፍል መጣ፤ ድንጋዩ። የዓድዋና የአክሱም አካባቢ ተራሮች ብዙዎቹ የጥንት እሳተ ገሞራ ቅሪት ናቸው። ወፍራም ቅላጭ ድንጋይ ከምድር ውስጥ ወጥቶ ረግቷል፤ በዙሪያው የነበረው የላላ መሬት በዘመናት ታጥቦ ሲሄድ ጠንካራው ብቻውን ቆሞ ቀረ። ስለዚህ ቅርጻቸው ሁለት ክፍል አለው። ከላይ ቀጥ ያለ፣ ቁልቁል የተሰነጣጠቀ ድንጋይ። ከታች ደግሞ ከዚያ የተናደው ፍርስራሽ የተከመረበት ዘንበል ያለ ግርጌ። ይህን ሁለትነት ካሳዩ ያገሩ ሰው ወዲያው «ይኼማ ዓድዋ ነው» ይላል። ክብ ጉብታ ብቻ ከሠሩ ግን የማንም አገር ኮረብታ ይሆናል።

ለላይኛው ድንጋይ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ይውሰዱ። በእጅዎ ጨምድደው ጨምድደው መልሰው በግማሽ ይዘርጉት። ገና እርጥብ የሆነው ጀሶ ላይ ይጫኑትና ጀሶው ሲጠጥር ይላጡት። የፎይሉ ጭምድድ ጀሶው ላይ የድንጋይ ፊት ሆኖ ይቀራል፤ ስለት፣ ጥላ፣ ስንጥቅ ሁሉ። ከዚያ በቢላዋ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ጥቂት ረጃጅም ስንጥቆች ይጨምሩ፤ የዚህ አገር ድንጋይ ስንጥቁ ቁልቁል ነው። ለግርጌው የተሰባበረ ደረቅ ጀሶና የተነፋ ጠጠር ይበትኑ። ትልልቁ ከታች፣ ደቃቁ ከላይ፤ ሲንከባለል ሩቅ የሚሄደው ትልቁ ድንጋይ ነው። በላዩ የቀጠነ ኮላ በጠብታ ያፍሱበት። ኮላው ላዩ ላይ ድቡልቡል ሆኖ እንዳይቀር ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩበት፤ ወዲያው ይሰርጋል።

ቀለሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከውጭ የሚመጡ የጨዋታ ሜዳ ሥዕሎች አረንጓዴ ናቸው፤ የሠሩት ሰዎች አገር አረንጓዴ ስለሆነ። ውጊያው ግን በየካቲት ነበር። እህል ከተሰበሰበ ቆይቷል፣ ዝናብ የለም፣ ሣሩ ደርቋል። ስለዚህ ሜዳዎ የገለባ፣ የአፈርና የድንጋይ መልክ ይኑረው። የግድግዳ የውሃ ቀለም ይበቃል፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማና ቢጫ ካለዎት ሁሉንም ቀላቅለው ያገኙታል። መጀመሪያ ሁሉንም በጥቁር ቡናማ ይሸፍኑ፤ ነጭ ጀሶ የትም እንዳይታይ። ሲደርቅ መካከለኛ ቡናማ ቀለም በብሩሽ ይንከሩ፤ ብሩሹን ጨርቅ ላይ ጠርገው ጠርገው ሊደርቅ ሲል ድንጋዩን በቀስታ ያሹት። ቀለሙ የሚይዘው ጉብ ያለውን ብቻ ነው፤ ስንጥቁ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ቀጥለው ግራጫ፣ በመጨረሻም ነጭ ጠብ ያለበት የገለባ ቀለም፣ እያሳነሱ። ብዙ ቀለም ከመቀባት ጥቂት ቀለም ደጋግሞ ማሸት ነው ውጤቱ። እውነተኛ አፈር ነፍተው ቢበትኑም ያምራል፤ ኮላ ሲነካው ስለሚጠቁር ግን ያው ከላይ ማሸቱ አይቀርም።

ለታጨደ እርሻ ከጤፍ ጭድ የሚወዳደር ነገር አላየሁም። የውጭ ሞዴል ሠሪዎች ለደረቅ ሣር የሚገዙት ፋይበር አለ፤ ጭድ ግን ራሱ ቀጭን ነው፣ ራሱ ቀለሙን ይዞ ነው የመጣው። በመቀስ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አድርገው ይክተፉት፣ በወንፊት ይንፉት፣ ኮላ የተቀባው ቦታ ላይ ይነስንሱት። መጀመሪያ ግን በምጣድ በለሰስ እሳት ያሙቁት፤ ውስጡ ያለው ነቀዝና እንቁላሉ ካልሞተ ሜዳዎ ለሚቀጥለው ዓመት አይደርስም። ለተራራው ሥር ቁጥቋጦ ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ ወስደው በወየበ አረንጓዴ ቀለም ያሹትና ፀሐይ ላይ ያድርቁት።

ዛፉ በየትኛው ልኬት ይሁን ይሉ ይሆናል። በመሬቱ ልኬት 6 ሜትር ግራር ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የማይታይ ነገር ነው። ዛፍና ቤት የሚሠሩት በወታደሩ ልኬት ነው፤ ተራራና ርቀት በመሬቱ። 2 ሴንቲሜትር ወታደር አጠገብ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ዛፍ ይስማማል። አንዱ ዛፍ አንድ ጫካ ማለት ነው፤ የጫካውን ወሰን ጨርቁ ላይ በጠቆር ያለ ቀለም ያክብቡ፣ ዛፎቹን ወታደር ሲገባ ያነሷቸዋል።

ለግራር ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የመዳብ ክሮች ያውጡ። ስድስት ሰባቱን ጠምዝዘው ግንድ ያድርጉ፣ ጫፋቸውን ዘርጥጠው ቅርንጫፍ ያድርጉ፤ ከላይ በእጅ የተቆነጠረ ስፖንጅ ጠፍጥፈው ይለጥፉ። የግራር ራስ ጠፍጣፋ ነው፤ ድቡልቡል ካደረጉት ሌላ ዛፍ ይሆናል። ለቁልቋል ሽቦው ላይ ኮላና ጀሶ ለውሰው አወፍረው፣ ክንዶቹን ወደ ላይ አቁመው አረንጓዴ ይቀቡት። ባሕር ዛፍ ግን አይትከሉ! ወደ አገራችን የገባው በዚያው ሰሞን ሲሆን መጀመሪያ የተስፋፋውም አዲስ አበባ አካባቢ ነው፤ የዓድዋ ውጊያ ሜዳ ላይ ቦታ የለውም። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ማሳየት ከፈለጉ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያድርጉት፤ ጥድና ወይራ። ቤቶቹም ከድንጋይ የተሠሩ፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋና አፈር የለበሰ ህድሞ ይሁኑ፤ ቆርቆሮ አይኑር። ጅረቶቹ በየካቲት ውሃቸው ያነሰ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ አይቀቡ። ነጣ ያለ አሸዋ፣ መሀሉ ላይ ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር ይበቃል።

ሜዳውን አቡጀዲ አድርጉት ያልኩት ለማስቀመጥ ስለሚመች ነው። 2 ሜትር በ1 ሜትር ከ40 የሚሆን ጨርቅ ወለል ላይ ወጥረው በቴፕ ያስይዙ። ቡናማ የውሃ ቀለም፣ ደቃቅ የተነፋ አሸዋና ቀለም የሚቀበለውን አክሪሊክ ማሸጊያ (የመስኮት ዳር ስንጥቅ የሚደፈንበትን) ደባልቀው በስስ ይጥረጉበት። ሲሊኮን የሚባለውን አይግዙ፤ ቀለም አይዝም። አክሪሊኩ ሲደርቅ እንደተለጠጠ ስለሚቀር ጨርቁ ቢጠቀለልም አይሰነጠቅም። ካላገኙት በኮላ ይሠራል፤ ያኔ ግን ጨርቁን ጠበቅ አድርገው አይጠቅልሉት። ብዙ ሰው ጠረጴዛውን በሙሉ አንድ ወጥ ቅርጽ አድርጎ መሥራት ይመኛል። ከዚያ የሚያኖርበት ያጣል፣ በበሩም አይወጣም። የሚነሳና የሚቀመጥ ሜዳ የድሮ ብልሃት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1812 ባሮን ፎን ራይስቪትስ ለፕሩሲያው ንጉሥ ያቀረበው የጦር ጨዋታ ጠረጴዛ እንኳ መሬቱ የሚቀያየሩ ካሬዎች ነበሩ፤ ቅርጻቸውም ከጀሶ የወጣ። የእርስዎ ተራሮች ቦታቸው ስለሚቀያየር በሚቀጥለው ዓመት መቅደላን ወይም ጉንደትን ልሥራ ቢሉም ቁሳቁሱ ይረዳዎታል።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ ሳይነገር ቢቀር ይቆጨኛል። ጠረጴዛ ላይ ያለ ተጫዋች ሁሉንም ከላይ ያያል። ባራቲዬሪ ግን አላየም። የእሱ መኮንኖች የያዙት ንድፍ ካርታ አንዱን ኮረብታ ኪዳነ ምሕረት ብሎ ሰይሞት ነበር፤ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ግን ኪሎ ሜትሮች ወደፊት ነው። አልበርቶኔ የታዘዘበት ቦታ ደርሶ ሳለ፣ መንገድ መሪዎቹ ኪዳነ ምሕረት ገና ነው ሲሉት ወደፊት ገፋ፤ ብቻውን ከምኒልክ ጦር ፊት ቆመ። ይህን ጨዋታው ውስጥ ያስገቡት። የጣሊያንን ወገን የሚጫወቱት ተማሪዎች ሜዳውን አስቀድመው አይዩት። በር ውጭ አስቀምጠው በእጅ የተሳለ የተሳሳተ ካርታ ይስጧቸው፤ የመጀመሪያውን የሌሊት ጉዞ ትእዛዝ በዚያ ካርታ ላይ ጽፈው ያስረክቡዎት። ከዚያ ገብተው ጦራቸው የት እንዳደረ ይመልከቱ። ብርጌዶቹ በተለያዩ ልጆች ይያዙ፤ በመካከላቸው ተራራ ካለ መነጋገር ክልክል፤ መልእክት በወረቀት ይላክ፣ ከሁለት ተራ በኋላ ይድረስ። ማን ማንን ያያል የሚል ክርክር ከተነሳ ከወታደሩ አጠገብ ክር ይወጥሩ፣ ወይም ዝቅ ብለው በጠረጴዛው አግድም ይዩ። ተራራው ክሩን ከነካው አይታይም።

በመጨረሻ ማስቀመጡ። ሁሉም ከደረቀ በኋላ የቀጠነ ኮላ አንድ ዙር በላዩ ይርጩ፤ ጭዱም አሸዋውም አይረግፍም። የተራሮቹን ሥር፣ የካርቶኑን ገላጣ ጠርዝ ጭምር፣ በቀለም ይድፈኑ፤ በክረምት እርጥበት የሚገባው በዚያ ነው። ጨርቁን ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ካርቶን ቱቦ ላይ ይጠቅልሉት። ተራሮቹን ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ሳይደራርቡ ያስቀምጡ፤ ኮላና ገለባ አይጥ ይጠራል፣ ወለል ላይ ያለ ካርቶን ደግሞ ምስጥ ይጠራል። የእያንዳንዱን ስም ከሥሩ ይጻፉበት፤ ራዮ፣ በላሕ፣ ሰማያታ። የተሰነጠቀ ጀሶ ካገኙ ስንጥቁን መጀመሪያ በውሃ አርጥበው ይሙሉት፤ ደረቅ ጀሶ የአዲሱን ውሃ መጥጦ እንዳይጠጥር ያደርገዋል። ሥራውን ከገና በፊት ቢጀምሩ ጥሩ ነው፤ ጀሶና ካርቶን በደንብ ሳይደርቁ ከተቀቡ ቀለሙ ይላጣል።